ዱባ ለእንግዳ

ከመስቀል በዓል ስመለስ «እናቴ ቤት ዱባ ጠብሼ ለእንግዳ አቀረብኩ» ብዬ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ብነግራቸው፣ «ታዲያ ምን ይደንቃል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ዱባ ማለት የጾም ወጥ ነው። በርበሬ ገብቶበት፣ ቀላ ብሎ፣ ጣፈጥ ብሎ፣ ከምስሩና ከጎመኑ ጎን እንጀራ ላይ ይወጣል። ማንም አያፍርበትም፤ ማንም አይኮራበትም።

እኛ ጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሆሳዕና ላይ፣ ያውም በመስቀል፣ እንግዳ ፊት ዱባ ማቅረብ ማለት የተቀደደ ነጠላ ለብሶ ሠርግ እንደመሄድ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ማዕዱን ማየት ይበቃል። በሀድያ ዘመን የሚለወጠው በያሆዴ ነው፣ በከምባታ ደግሞ በመሳላ። ሁለቱም መስከረም ላይ ከመስቀል ጋር ይውላሉ። ወንዶቹ «ቱታ» በሚሉት ማኅበራቸው ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ሲያዋጡ ቆይተው በሬ ይገዛሉ። ሴቶቹ ደግሞ «ዊጆ» አላቸው፤ በየተራ ለአንዷ ቅቤ የሚሰበስቡበት የቅቤ ዕቁብ በሉት። ስለዚህ የበዓሉ ዕለት ክትፎው አለ፣ በቅቤ የራሰው ጎመን አለ፣ አይቡ አለ፣ ቆጮው በሙቀቱ ተቆራርጦ ይቀርባል፣ ከቡላና ከቅቤ የሚሠራው አታካና አለ። አንድ ዓመት የተጠራቀመ ነገር ነው በአንድ ቀን የሚወጣው። እዚህ መሀል ዱባ ምን ሊሠራ ይመጣል?

ዱባ የልጆች ነው። ዱባ የነሐሴ ነው። የአምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ሳይደርስ፣ ከእንሰቱ ሥር ፍግ የጠገበው ሐረግ አጥሩን ተሻግሮ፣ አንዳንዴም ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚያፈራው ነው። ተቆራርጦ ድስት ውስጥ ይገባል፣ ይቀቀላል፣ ልጅ እጁ ላይ ይዞት እየሮጠ ይበላዋል። ከዚያ ያለፈ ክብር ሲሰጠው አላየሁም።

የእኛ ቤት ደግሞ የራሱ የሆነ ቂም አለው። 2000 ዓ.ም. ላይ የበልጉ ዝናብ ቀረ። በዚያ አካባቢ የበልግ ዝናብ ቀረ ማለት ስኳር ድንቹ ቀረ ማለት ነው፤ ሰው ክፉውን ወር የሚሻገርበት ድልድይ ተሰበረ ማለት ነው። ከዚያ የክረምቱ ዝናብ መጣና ምድሩ ሁሉ ለመለመ። ከመኪና መስኮት ለሚያይ በቆሎው ደረት ደርሷል፣ ሣሩ ያምራል፤ ቤት ውስጥ ግን የሚበላ የለም። «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለው ለዚህ ነው። እኛ ያኔ ሾኔ አጠገብ ነበርን። ከጓሯችን ቀድሞ የደረሰው ዱባ ነበር። ጠዋትም ማታም ዱባ የበላንባቸው ሳምንታት ስንት እንደነበሩ እኔ አላስታውስም። እናቴ ታስታውሳለች፤ ግን አትናገርም። ሆሳዕና ገብተን ኑሮ ቀና ካለ በኋላ ጓሮዋ ውስጥ ዱባ መትከሏን አልተወችም። እንግዳ ሲመጣ ግን የደረሱትን ከአልጋ ሥር ትገፋቸዋለች።

ታናሽ ወንድሜ በዚያ ክረምት አሥር ዓመቱ ነበር። አሥራ ስምንት ሲሞላው ሄደ። የት እንደሄደ ለሆሳዕና ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላው አንባቢ ግን ልንገር፤ ደቡብ አፍሪካ ነው። ሞያሌን ተሻግሮ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን አቆራርጦ። በሀድያና በከምባታ ከተሞች አዲስ ሕንፃ አይታችሁ የማን ነው ብትሉ፣ ከሁለት አንዱ መልስ ከዚያው መንገድ ጋር የተያያዘ ነው። ያልተመለሱትም እንደዚያው ናቸው። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ማላዊ ውስጥ ምዚምባ በሚባል ቦታ የኢትዮጵያውያን ሳይሆን አይቀርም የተባለ የጅምላ መቃብር ተገኘ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 2፣ ዛምቢያ ውስጥ ሉሳካ ዳር ንግዌሬሬ ላይ 27 አስከሬኖች ሜዳ ላይ ተጥለው ተገኙ። ያን ሰሞን ልጁ መንገድ ላይ ያለችም፣ ልጇ ከደረሰ ዓመታት ያለፏትም እናት ስልኳን እጇ ላይ ይዛ ነበር የምታድረው። የኔዋም።

ወንድሜ ጆሃንስበርግ መሀል ጄፒ ጥቂት ከቆየ በኋላ ሎኬሽን ወጣ። ሎኬሽን የሚሏቸው የጥቁሮቹን ሰፈሮች ነው፤ ልጆቻችን እዚያ በብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆነው ስኳርና ሳሙና ይሸጣሉ። ከዚያ ሆኖ ነው ባለፈው ነሐሴ ደውሎ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣

«እማዬ፣ ጓሮ ዱባ አለ እንዴ?» ያላት።

እናቴ ደነገጠች። «ምን ሆነሃል? ሥራ የለም?» አለችው። ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄዶ ዱባ የሚጠይቅ ልጅ ምን ቢቸግረው ነው! እሱ ሳቀ። ለማስረዳት ብዙ ለፋ፤ እሷ ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላም አላመነችም። «ደብቆኝ ነው እንጂ» ብላ ለእኔ ደወለች። እኔ ደግሞ ለእሱ ደወልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሰው ሲጋበዝ ከሰል አቀጣጥሎ ሥጋ ይጠብሳል፤ «ብራይ» ይሉታል። ከሥጋው ጎን፣ እዚያው ከሰል ላይ፣ «በተርነት» የሚባል ዱባ ለሁለት ገምሰው፣ ቅቤ አድርገውበት፣ በፎይል ጠቅልለው ያስቀምጣሉ። አንዳንዱ ቀረፋና ስኳር ይጨምርበታል። የሱቁ ደንበኛ የሆነ ጎረቤት ጋብዞት ሲቀምሰው፣ «ዱባ ይሄ ከሆነ እኛ ቤት የነበረው ምንድን ነው?» አለኝ። ቀጥሎም፣ «አንቺ በመስቀል ስትሄጂ ሞክሪው። እሷ እንድትቀምሰው» አለኝ። ለምን እንደፈለገ አልጠየቅኩትም።

በተርነት ማለት አንገቱ ረዘም፣ ታቹ ሞላ ያለ፣ ቅል የሚመስል፣ ልጣጩ ገለባ የመሰለ ዱባ ነው። ሰዎች መርጠው ያወጡት አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940ዎቹ ነው። የእኛውም ዱባ ዘሩ ከዚያው ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ስንል የሐረግ ልዩነት የምናወራ ይመስለናል። ቅል ግን የአፍሪካ ተክል ነው፤ ዱባ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ተረቱ ከተናገረው በላይ ያውቃል።)

እንግዲህ ሆሳዕና ገባሁ። እናቴ ያሰብኩትን ስትሰማ «በመስቀል? ሰው ምን ይለናል?» አለች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

የመጀመሪያው ቀን ሙከራዬ ከሸፈ። የከሸፈው ወንድሜ እንዳለኝ በፎይል ስለጠቀለልኩት ነው፤ ያውም ብዙ ቁራጭ በአንድ ላይ ደራርቤ። ዱባ ከክብደቱ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ከመቶው እስከ ዘጠናው ድረስ። ጠቅልላችሁ ብትዘጉት ውኃው መውጫ ስለሚያጣ በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። የወጣው የልጅነቴ ዱባ ነበር፤ ልፍስፍስ፣ ውኃ ውኃ የሚል። እናቴ አንዱን አንስታ አየችና መልሳ አስቀመጠችው። «ይሄንንማ ድስትም ይሠራዋል» አለች።

ቅቅሉ ለምን እንደማይጣፍጥ የገባኝ ያኔ ነው። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በመቶ ዲግሪ ሳይሆን በ92 እና በ93 መካከል ነው። ስለዚህ ዱባው እስኪበስል ድስቱ ውስጥ ብዙ ይቆያል፤ በቆየ ቁጥር ጣዕሙ ወደ ውኃው ይሄዳል፤ ውኃውን ደግሞ እንደፋዋለን። ደረቅ እሳት ግን ተቃራኒውን ነው የሚሠራው፤ ውኃውን አውጥቶ ስኳሩን ያስቀራል። ጠርዙ ቡናማ ሲሆን ያ ስኳር ነው።

ሁለተኛው ቀን ከምርጫው ጀመርኩ። ከአልጋ ሥር ስድስት ዱባ አወጣሁ። ጥሩ ዱባ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ልጣጩ ፈዘዝ ያለ ነው፤ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ገና ነው። ጥፍር ሲጫኑት አይበሳም። መሬት የተኛበት ጎኑ ቢጫ ሆኗል፣ እንብርቱ ላይ ያለው ግንድ ደርቆ እንጨት ሆኗል። አንዱን ጎረቤት በዚያው ጠዋት ከሐረጉ ቆርጣ አምጥታልን ነበር፤ እሱን ተውኩት። ዱባ ከተቆረጠ በኋላ ደረቅ ቦታ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቀመጥ ውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ትኩሱን የሚጠብስ ሰው በከንቱ ይደክማል። እናቴ እንግዳ እንዳያያቸው ብላ የደበቀቻቸው ዱባዎች ሳታስበው በስለው ነበር።

መሰንጠቁ የጉልበት ሥራ ነው። ቢላዋው ከእንብርቱ አጠገብ ይገባል እንጂ እንብርቱ ላይ አይገባም፤ እዚያ ይያዛል። ፍሬውን በማንኪያ አውጥታችሁ ለብቻ አስቀምጡት፤ ዋጋ አለው። ልጣጩን አትላጡ። ልጣጩ ሳህኑ ነው፤ ሥጋው እንዳይፈርስ ይይዘዋል፣ የከሰሉን ቁጣ ይቀበልለታል። ሦስት ጣት ውፍረት ባለው ግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ቆራርጡት። ጨው ነስንሳችሁ ሩብ ሰዓት ተዉት፤ ውኃ ያወጣል፤ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት።

ከዚያ በፎይል ፋንታ ኮባ ወሰድኩ። የእንሰት ቅጠል ከጓሮ መቁረጥ እኛ ጋ ፎይል ከመግዛት ይቀልላል፤ ድፎ ዳቦ የሚጋግር ሁሉ ያውቀዋል። ቅጠሉን እሳት ላይ አለፍ አለፍ አድርጎ ማለስለስ ነው፤ አለበለዚያ ይሰነጠቃል። ግን ጠቅልዬ አልዘጋሁትም። ምጣዱ ላይ አነጠፍኩት፣ ዱባውን ልጣጩን ወደ ታች አድርጌ ሳልደራርብ ደረደርኩ፣ ላዩን ሌላ ኮባ ጣል አደረግኩበት። ከታች ፍም፣ ከላይ ደግሞ እንደ ድፎ ዳቦው ፍም የተደረገበት ክዳን። ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆነው የላዩን ኮባ አነሳሁና እንፋሎቱ እንዲወጣ ክዳኑን ትንሽ ከፈት አድርጌ ሌላ ሃያ ደቂቃ ተውኩት። ኦቨን ያለው ሰው በ200 ዲግሪ አርባ ደቂቃ ያህል ቢያቆየው ያው ነው፤ የኮባው ሽታ ግን ይቀርበታል። ትንሽ ዱባ ሙሉውን ፍም ውስጥ መቅበርም ይቻላል፤ ያኔ ግን በቢላዋ ሁለት ሦስት ቦታ ውጉት። ሳይወጋ የተቀበረ ዱባ ይፈነዳል፤ በእኛ ቤት አንዴ ፈንድቶ ድመቷ ለሁለት ቀን ወጥ ቤት አልገባችም።

ቅቤው ላይ ክርክር ነበር። እኔ መጀመሪያውኑ ልቀባው ስል እናቴ እጄን ያዘች። «ቅቤዬን ልታቃጥይው ነው?» በመጨረሻ ግማሽ ለግማሽ ተስማማን። ትንሹን ቀድሜ ቀባሁት፤ ጠርዙን የሚያጠብሰው እሱ ነው። ዋናውን ንጥር ቅቤ፣ ኮረሪማው የሚሸተውን፣ ዱባው ከእሳት ከወጣ በኋላ ጠብ አደረግንበት። ትክክል ነበረች፤ የኮረሪማ ሽታ ረጅም እሳት አይችልም። ላዩ ላይ አይብ ፈርፈር ተደረገ፣ ከጎኑ ዳጣ። ጣፋጩ ዱባ ለብቻው ሁለት ጉርሻ ላይ ይሰለቻል፤ የዳጣው ማቃጠልና የአይቡ ኮምጠጥ ማለት ሲጨመርበት ግን ክትፎ ጎን ተቀምጦ አያፍርም። ወንድሜ የነገረኝን ቀረፋና ስኳር አልሞከርኩትም። ዱባው ጣፍጦ ሳለ ስኳር መጨመር ምን ይባላል?

ፍሬውን አጥቤ፣ አድርቄ፣ በጨው ቆላሁት፤ ላዩ ላይ ነሰነስኩት። የዱባ ፍሬ በአገራችን ለኮሶ ሲሰጥ የኖረ መድኃኒት ነው፤ ጥሬ ክትፎ በሚበላበት ቀን አጠገቡ መገኘቱ ቀልድ ይመስላል።

ስለ ቅቤው ሌላም የምለው አለኝ። ዱባን ብርቱካናማ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ሰውነታችን ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ ይለወጣል። ልጅ ቫይታሚን ኤ ሲጎድለው መጀመሪያ የሚመጣበት ዳፍንት ነው፤ ሲመሽ አያይም፤ በሽታ የመቋቋም አቅሙም ይወርዳል። ጤና ጣቢያ በየስድስት ወሩ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አፍ ውስጥ ከእንክብል የሚጨመቅላቸው ለዚህ ነው። ብርቱካናማው ስኳር ድንች በደቡብ ገበሬዎች ዘንድ እንዲለመድ ብዙ የተደከመውም ለዚሁ ነው። ይህ ንጥረ ነገር ግን ያለ ቅባት ወደ ሰውነት በደንብ አይገባም። ዱባውን ለልጅ በውኃ ቀቅለን ደረቁን እየሰጠን፣ ቅቤውን ለመስቀል እንግዳ ስናስቀምጥ ኖረናል። ቅቤ ውድ ነው፤ አውቃለሁ፤ ያ ክረምት ቅቤ የነበረው ቤት አልነበረም። ባለበት ቤት ግን አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ ልጁ ዱባ ላይ ብትወድቅ ከክትፎው አትጎድልም።

በዓሉ ደረሰ። ሳህኑን አታካናው አጠገብ አስቀመጥኩት። እናቴ ሁለት ጊዜ ወደ ዳር ገፋችው፣ ሁለት ጊዜ መልሼ አመጣሁት። ከዱራሜ የመጣችው አክስቴ አንዱን አንስታ ስኳር ድንች መስሏት ጎረሰች። ሌላ አነሳች። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ብለው እናቴን ጠየቋት።

እኔ መልሱን ጠበቅኩ። «ዱባ ነው» ትላለች ወይስ ትዋሻለች?

«ልጄ ከደቡብ አፍሪካ የላከው አሠራር ነው» አለች፣ ቀና ብላ።

ከዚያ በኋላ ሳህኑ አልቆየም። ሽማግሌው «የደቡብ አፍሪካ ነው» እያሉ ለአጠገባቸው ሰው አቀበሉ፤ አክስቴ አሠራሩን ጠየቀችኝ። ሳልናደድ አልቀረሁም። ዱባው የእናቴ ጓሮ፣ ኮባው የእናቴ ጓሮ፣ ቅቤው የዊጆዋ፣ ዳጣውን የፈጨችው እሷ! ከውጭ የመጣው አንድ የስልክ ወሬ ብቻ ነው፤ ክብሩን ያገኘው ግን በእሱ ነው። ማታ ይህንኑ ስነግራት «ታዲያ ልጄ አይደለም ያለው?» አለችኝ።

ማታውኑ በቪዲዮ ደወለ። ሳህኑ ባዶ ስለነበር ልጣጩን አሳየችው። ሱቁን ሊዘጋ ነበር፤ ከኋላው ፍርግርጉ ይታያል። «ቅቤ አደረጋችሁበት?» አለ። «ንጥሩን ነው» አለችው። «እንግዳ በላው?» ሲላት ስልኩን ወደ እኔ አዞረችና «ንገሪው» አለችኝ፤ ነገርኩት። ዝም አለ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ «እዚህ በተርነቱ እንደዚያ አይከብድም» ብሎ ስለ ልጣጩ ውፍረት ማውራት ጀመረ።

ከትልቁ ዱባ ግማሹ ተርፎ ነበር። በማግስቱ እኔ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ እናቴ ማንንም ሳትጠይቅ ምጣዱን ጥዳ ጠበሰችው። ጨው አብዝታበታለች።